«በእጅዎ ምን ይሠራሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ

በእኛ አገር ክንዱን ወይም እጁን ያመመው ሰው ሦስት በሽታ ብቻ ነው ያለው፤ ብርድ፣ ነርቭ እና ሪህ። አራተኛ የለም። የመረመረው ጎረቤት ከሆነ ብርድ ነው። መድኃኒት ቤት ከሆነ ነርቭ ነው። ደም ተወስዶ ወረቀት ከወጣ ደግሞ ሪህ ነው። ለሦስቱም መድኃኒቱ ቀድሞ ተዘጋጅቷል። ለብርድ ቅባትና ነጭ ሽንኩርት፣ ለነርቭ ቀዩ የቫይታሚን መርፌ፣ ለሪህ «ሥጋ አትብዪ» የሚል ምክር። ሥጋን ከመሳላ እስከ መሳላ ለምታይ የከምባታ እናት «ሥጋ ተዪ» ማለት፣ ጫማ ለሌለው ሰው «ጫማህ ጠቦህ ይሆናል» እንደ ማለት ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። መርፌ ለመውጋትም፣ መርፌ ለመንጠቅም አልተነሳሁም። የምከራከረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ዱራሜ ከተማም ሆነ ከአምበሪቾ ተራራ ወዲህና ወዲያ ባሉት መንደሮች፣ እጇን ይዛ ለምትመጣ ሴት ያልቀረበላት ጥያቄ የለም፤ ዕድሜዋ፣ ቀበሌዋ፣ የወለደቻቸው ልጆች ብዛት፣ የተኛችበት ክፍል ብርድ ይኑረው አይኑረው ሁሉ ይጠየቃል። አንዲቱ ጥያቄ ግን ትዘለላለች። «እማማ፣ በዚህ እጅዎ ምን ይሠራሉ?»

እስቲ እኛ እንጠይቃት። እንሰት ከጓሮ ተነስቶ ቆጮ ሆኖ ገበታ ላይ እስኪቀርብ ያለውን መንገድ አብረን እንሂድ። ችግኙን ማዘዋወሩና መትከሉ ላይ ወንዱም አለበት። ተክሉ ለዓመታት አድጎ፣ ተቆርጦ ከተጋደመ በኋላ ግን ወንዱ ይሰወራል። ከዚያ በኋላ ያለው የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ እዚያ ቢገኝ ነውር ነው ተብሏል። ሴትየዋ ሳንቃውን ዘንበል አድርጋ ታቆማለች። የግንዱን ንብብር አንድ በአንድ እየላጠች በሳንቃው ላይ ታነጥፋለች፤ መሬት ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን አንስታ ጫፉን ትረግጠዋለች፤ ከዚያ የቀርከሃ መፋቂያዋን አጥብቃ ይዛ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ደግማ ትፍቃለች። ሺህ ጊዜ ትፍቃለች። አሚቾው ደግሞ ጥርስ ባለው እንጨት ይደበደባል። የተፋቀው በእጅ ይጨመቃል፤ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ይሆናል። የቀረው ጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ሲወጣ እንደገና መጭመቅ አለ፤ ቃጫውን በቢላ መክተፍ አለ፤ መንፋት አለ፤ ማቡካት አለ።

ቁጠሩልኝ። መጨበጥ፣ መፋቅ፣ መደብደብ፣ መጭመቅ፣ መክተፍ። አምስቱም አንድ ዓይነት ሥራ ናቸው፤ ጣትን አጥብቆ ይዞ የእጅ አንጓን ማጠፍና መዘርጋት። ይህ ሁሉ ከእንጨት ፈለጣው፣ ከጀሪካኑ፣ ከልብስ አጠባው፣ ከጀርባ ካለው ሕፃን በተጨማሪ ነው። መሳላ ደርሶ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቡላውን በቅቤ እየበላ «እንዴት ይጣፍጣል!» ሲል፣ የሠራችው ሴት ጓዳ ውስጥ እጇን እያራገፈች ነው። ታዲያ ይህን እጅ ያመመው ብርድ ነው?

ጥያቄው አዲስ ቢሆን ባልተናደድኩ። በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ሞዴና ከተማ ውስጥ ስለ ሠራተኞች በሽታ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ ሐኪም ለበሽተኛው በሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ላይ አንዲት እንድትጨመር አሳሰበ፤ «ሥራህ ምንድን ነው?» የምትል። ይኸው ሰው ቀኑን ሙሉ ብዕር ጨብጠው የሚውሉ ጸሐፊዎች ቀኝ እጃቸው እንዴት እንደሚዝልና እንደሚደነዝዝ መዝግቧል። ጥያቄዋ ከተጻፈች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆናት። ዱራሜ ለመድረስ መንገድ ላይ ናት መሰለኝ።

አሁን ወደ ሦስቱ ዳኞቻችን እንመለስ። በመጀመሪያ ብርድ። ብርድ የታመመን መገጣጠሚያ ሊያባብሰው፣ ጣትን ሊያደርቀው ይችላል፤ ይህን አልክድም። ግን አንድ ነገር አስረዱኝ። ብርዱ ለሁሉም የሚነፍስ ከሆነ፣ ያችው አንዲት ክፍል ውስጥ የሚተኛውን ባል ለምን ዘለለው? ልጆቹንስ? ብርድ ወንድና ሴት ለይቶ፣ ቀኝ እጅ መርጦ፣ ሦስት ጣት ቆጥሮ የሚይዝ ከሆነ ብርድ መሆኑ ቀርቶ የቀበሌ ጸሐፊ ሆኗል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነርቭ ነው። «ነርቭ ነው» ማለት ግማሽ እውነት ስለሆነ ከውሸት ይከፋል። አዎ፣ ብዙውን ጊዜ ነርቭ ነው። ግን የትኛው ነርቭ? የት ላይ ተጫነ? ምን ተጫነው? ይህን ሳይጠይቁ የቫይታሚን መርፌ መደርደር፣ እግሩ በድንጋይ የተያዘን ሰው ድንጋዩን ሳያነሱ ወተት እንደ ማጠጣት ነው። ቫይታሚን ቢ12 የጎደለው ሰው እጅና እግሩ ይደነዝዛል፤ ለእሱ መርፌው እውነተኛ መድኃኒት ነው። ያልጎደለው ሰው ግን አንጓው ላይ የተጨፈለቀ ነርቩ በመርፌ አይለቀቅም። ቢ6 የሚባለው ደግሞ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ነርቭን ይጎዳል። «ለማንኛውም ትወጋ፣ ምን ይጎዳታል?» የሚል ባለሙያ ካለ መልሱ ይኸው ነው። በላዩ ላይ የሚታከለው የማስታገሻ መርፌስ? ዳይክሎፌናክ ለጊዜው ያበርዳል፤ ሲደጋገም ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊት ያለበትን ሰው ያባብሳል። እጇን ልታድን ሄዳ ጨጓራዋን የምታጣ ሴት አለች።

ሦስተኛው ሪህ ነው፤ የወረቀት በሽታ። ደም ይወሰዳል፤ «ዩሪክ አሲድ ከፍ ብሏል» ይባላል፤ በቃ፣ ፍርድ ተሰጠ። ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ከፍ ብሎባቸው ዕድሜ ልካቸውን መገጣጠሚያቸው ሳያብጥ የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። እውነተኛው የዩሪክ አሲድ ሪህ ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ይጀምራል፤ በድንገት ያብጣል፣ ይቀላል፣ አንሶላ ሲነካው ያስጮኻል። ሌሊት ሌሊት የሚደነዝዝ እጅ ሌላ ነገር ነው። የሩማቲዝም ምርመራ የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ጤነኛ ሰው ላይም፣ በተለይ ዕድሜው በገፋ ሰው ላይ፣ «አለ» ብሎ ሊወጣ ይችላል። ወረቀት ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ዳኛው በሽተኛውን ዐይቶ፣ ዳስሶ፣ ጠይቆ የሚወስነው ሰው ነው።

«ታዲያ እንዴት ይታወቃል?» ለምትሉኝ፣ እጅ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ለሚሰማው ይናገራል። የእጃችን አንጓ ላይ አጥንትና ጠንካራ ጅማት የሠሩት ጠባብ መሿለኪያ አለ። በዚያ ውስጥ ዘጠኝ የጣት ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጨናንቀው ያልፋሉ። ጅማቶቹ በሥራ ብዛት ሲያብጡ ቦታውን የሚያጣው ነርቩ ነው። ያኔ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሐል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ። ሌሊት ይብሳል፤ ሰውየው ባንኖ እጁን እንደ እርጥብ ጨርቅ ያራግፋል፤ ሲያራግፍ ይቀለዋል። ሐኪሞች ካርፓል ተነል ይሉታል። የሁለቱን እጆች ጀርባ አገጣጥሞ አንጓን አጥፎ ለአንድ ደቂቃ ማቆየት ብቻ ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል። ለዚህ መብራት አያስፈልግም፤ ጄኔሬተር አያስፈልግም።

የደነዘዙት ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ክርን ላይ ነው፤ ሌላ ነርቭ፣ ሌላ ቦታ። ከክርን ውጪ በኩል ያለው አጥንት ሲነካ የሚያም፣ ጀበና ሲያነሱ የሚወጋ ከሆነ ነርቩን ተዉት፤ በተደጋጋሚ መጨበጥና መፋቅ የደከመው ጅማቱ ነው። ከአውራ ጣት ግርጌ፣ አንጓው ላይ የሚያም ከሆነ ሕፃን የምታነሳ እናት መሆን አለመሆኗ ይጠየቅ። ሕመሙ ከአንገት ተነስቶ በትከሻ አልፎ እንደ ኤሌክትሪክ የሚወርድ፣ አንገት ሲዞር የሚብስ ከሆነ መነሻው አንገት ነው። ጠዋት ጠዋት የሁለቱም እጆች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ከአንድ ሰዓት በላይ ተሳስረው አልላቀቅ ካሉና ካበጡ፣ ይህ ቶሎ መታከም ያለበት እውነተኛ የመገጣጠሚያ ቁጣ ነው። ስድስት ዓይነት ሕመም ቆጠርኩላችሁ። እኛ ግን ሁሉንም በአንድ ሲሪንጅ ነው የምንወጋው።

የክንድ ሕመም ሁሉ ከሥራ ነው አላልኩም፤ እንዲህ ያለ ሰው ራሱ አራተኛው ብርድ ይሆናል። ስኳር ነርቭን ይጎዳል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስም፣ እርግዝናም አንጓው ላይ ያለውን ነርቭ ያስጨንቃሉ። ቆዳው ላይ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ምልክት ያለበት፣ ክርኑ ላይ ያለው ነርቭ የወፈረ ሰው የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ በነጻ አለ፣ በጊዜ ከተገኘ እጁ ይተርፋል። ዳገት ሲወጣ ግራ ክንዱን የሚጨንቀው፣ ደረቱን የሚጫነው፣ የሚያልበው ሰው ደግሞ ቅባት መቀባቱን ትቶ ሆስፒታል ይሩጥ፤ ያ ልብ ነው። ክንዱ በድንገት ዝሎ አፉ የተጣመመ ሰውም እንዲሁ። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው፤ ከእነዚህ ሁሉ የትኛው እንደሆነ ለመለየት በሩ ጥያቄ ነው። ሳይጠይቁ የሚወጉ ሰዎች ሥራ ያደከመውንም፣ ልቡ የታመመውንም፣ ስኳር ያለበትንም እኩል ነው የሚበድሉት።

ወጌሻው ጋ እንሂድ የሚል አለ። የአገር ወጌሻ ስንቱን ወለምታ መልሷል፤ አላቃልለውም። ቢያንስ እጅን ይዳስሳል፤ አንዳንዱ ዘመናዊ ክፍል ውስጥ ይህም የለም። ነገር ግን የደነዘዘን እጅ በኃይል ማሸት የተጨፈለቀን ነርቭ መልሶ መጨፍለቅ ነው። አጥብቆ በቀርከሃ መጠፈር ደግሞ የደም መንገድ ይዘጋል። በአገራችን የሕፃናት እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ የጠበቀ ጥፈር መሆኑን የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎቻችን ሲጮኹበት ዓመታት አልፈዋል።

አንዲት የቅርብ ዘመዴ ሦስት ዓመት እንዲህ ተንከራተተች። አንዱ ጋ ብርድ ተባለች፤ ሌላው ጋ ነርቭ ተባለች፤ የመርፌውን ቁጥር ራሷም አታውቀውም። ከከምባታና ከሃዲያ እንደ ሄዱት ብዙ ወጣቶች ልጇ ደቡብ አፍሪካ ነው። ሱቅ ውስጥ ነፍሱን አስይዞ የሚሠራውን ብር ላከላት፤ ከተማ ተወስዳ አንገቷ ኤምአርአይ ተነሳ። «ዲስክ ተንሸራቷል» የሚል ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ዕድሜው አርባና አምሳ ያለፈ ስንት ሰው አንዳች ሳያመው አንገቱ ቢነሳ ዲስኩ ጎብጦ እንደሚታይ ማንም አልነገራትም። በስተመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ፣ «እማማ፣ በእጅዎ ምን ይሠራሉ?» አላት። እሷም በአየር ላይ እየፋቀች አሳየችው። ሌሊት አንጓዋ እንዳይታጠፍ የሚደግፍ ነገር አሰረላት፤ ለተወሰነ ጊዜ ከመፋቅ እንድታርፍ አዘዛት፤ እንቅልፍ ተኛች። ግን የአውራ ጣቷ ግርጌ ያለው ሥጋ ቀድሞ ሟሙቷል። ቁልፍ መቆለፍ ይቸግራታል፤ ትኩስ ድስት ይዛ መቃጠሏን የምታውቀው ሽታው ሲመጣ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ነርቭም ሲወስድ እያደነዘዘ ነው። ያ ሥጋ አይመለስም። ሦስቱን ዓመታት የወሰደው በሽታው አይደለም፤ ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

«ወረፋ አለብን» የሚሉኝ ባለሙያዎች ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ኮሪደሩን ዐይቻለሁ፤ እነሱም ሰው ናቸው፣ እነሱም ደክሟቸዋል። ግን «በእጅዎ ምን ይሠራሉ?» ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? መልሱን ለመስማትስ? መርፌውን ከብልቃጥ ለመቅዳት ከሚፈጀው ጊዜ ያነሰ ነው። ጊዜ የሚፈጀው አለመጠየቅ ነው፤ ያልተጠየቀችው ሴት በወሩ ተመልሳ ወረፋው ላይ ትቆማለችና። «መሣሪያ የለንም» የሚለውም አያስኬድም። ነርቭ የሚለካው መሣሪያ ቢኖር መልካም ነው፤ ግን መሣሪያ የሚያረጋግጠው አስቀድሞ የተጠረጠረን ነገር ነው። ያልተጠረጠረን ነገር የሚያገኝ ማሽን ገና አልተሠራም።

ይህን ሁሉ የሐኪሙ ጥፋት አድርጌ ብዘጋው ግን እኔም እንደ ወረቀቱ ግማሽ ምርመራ አድርጌ ሄድኩ ማለት ነው። ሐኪሙ ያልጠየቀው እኛ ያላስተማርነውን፣ መንግሥትም ያልጻፈውን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር በአሥራ ስድስት ፓኬጅ ነበር። መጸዳጃ ቤት፣ ክትባት፣ ወባ፣ የቤተሰብ ዕቅድ፤ ሁሉም የሚያስመሰግን ሥራ፣ ስንት ሕፃን የተረፈበት። ከአሥራ ስድስቱ ውስጥ ግን ሥራ በሰውነት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የሚናገር አንድም አልነበረም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም፣ ቁጥር 1156/2011፣ በሥራ ምክንያት ስለሚመጣ በሽታ በግልጽ ደንግጓል፤ ለማን? አሠሪ ላለው። ጓሮዋ ውስጥ እንሰት የምትፍቅ ሴት አሠሪዋ ማን ነው? ባሏ? ልጆቿ? እኛ በሆቴል ክትፎ በቆጮ የምናዝዘው? ሃያ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በእንሰት ይኖራል እያልን በየስብሰባው የምንኮራ ሰዎች፣ ያ ሁሉ ሕዝብ የተንጠለጠለው በሴቶች አንጓ ላይ መሆኑን አንድ ቀን ተናግረን እናውቃለን?

መድኃኒቱ ደግሞ ሕልም አይደለም። የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል በእንሰት ላይ ለዓመታት ሠርቷል፤ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያ ሠርተው አሳይተዋል። በአብዛኛው ጓሮ ግን ዛሬም ያለው ሳንቃና ቀርከሃ ነው። ለምን? እህል በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት የሴት ሥራ በነበረ ጊዜ ጉልበትና ትከሻ ይጨርስ ነበር። ሞተር ወፍጮ ሲመጣ ግን ሥራው በአንድ ጊዜ የወንድ ሆነ፤ ወፍጮ ቤቱን የሚከፍተው ወንድ፣ ቀበቶውን የሚያጠብቀው ወንድ፣ ገንዘቡን የሚቆጥረው ወንድ። ነውሩ የት ሄደ? ነውሩ ከሥራው ጋር አልነበረም፤ ከድካሙ ጋር ነበር። ሥራ ሞተር ሲገባለት ክብር ያገኛል፤ በእጅ እስካለ ድረስ የሴት ነው። እንግዲህ መፋቂያው ሞተር እስኪገባለት መጠበቅ ሳያስፈልግ፣ ጎበዝ፣ ጭመቃውን ያዙ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። የሚያፍር ካለ በሩን ዘግቶ ይጭመቅ።

«እናቶቻችን ሲፍቁ ኖረው ምንም አላሉም» የሚል አንድ የመጨረሻ ተከራካሪ አውቃለሁ። አላሉም ወይስ አልሰማንም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት እነሱ ላይ መለጠፍ ይቀናናል። እነሱ ግን አልደበቁም። ሌሊት እጃቸውን ሲያራግፉ ዐይተናል፤ ሲኒ ከእጃቸው ሲወድቅ «እርጅና ነው» ብለን ስቀናል፤ ዶቄ መርፌ መክተት ሲያቅታቸው ክሩን እኛ አስገብተንላቸዋል። በሽታውን የደበቅነው እኛ ነን፤ «ብርድ» የሚል ስም ሰጥተን።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በየጤና ጣቢያው የሕመምተኛ ካርድ ላይ ከዕድሜና ከቀበሌ ቀጥሎ አንዲት መስመር ትጨመር፤ «ሥራ» የምትል፣ «የቤት እመቤት» ተብላ የማትታለፍ፣ እጅ የሚሠራውን የምትዘረዝር። ምርምር ማዕከል ያሉት መሣሪያዎች ከኤግዚቢሽን ድንኳን ወጥተው በማኅበር፣ በብድር፣ በቀበሌ ደረጃ ጓሮ ይድረሱ። ሦስተኛው ለአንተ ነው፣ ይህን በቆጮ ላይ ጎመን እየጠቀለልክ ለምታነበው፤ ዛሬ ማታ ቤትህ ስትገባ የእናትህን ወይም የባለቤትህን እጅ ያዝና የትኛው ጣት እንደሚደነዝዝ ጠይቅ። ሦስቱ ናቸው ካለችህ ብርድ ልብስ አትግዛላት፤ መፋቂያውን ተቀበላት።